ለወጣት ቤተሰብ የሚሆን የኮሃውዚንግ መንደር እንዴት ይመረጣል?

ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ከሚቀርቡት የመኖሪያ አማራጮች መካከል ኮሃውዚንግ የሚባለውን ያህል ተስፋ የሚሰጥ፣ ያንኑ ያህልም በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ያለ አይመስለኝም። ባለቤቴና እኔ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆቻችንን ይዘን እንዲህ ያሉ መንደሮችን ስንጎበኝ፣ መተዳደሪያ ደንቦቻቸውን ስናነብና ከነዋሪዎቻቸው ጋር ስንነጋገር ቆይተናል። በእኔ ግምት አንድ መንደር ለወጣት ቤተሰብ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ አንደኛው የአምስት ዓመት ልጅ አዋቂ ሳይከተለው ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ የት መሄድ ይችላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው አቅሙ የደከመበት ወላጅ ከጋራው ሥራ ምን ያህሉን ለጊዜው እንዲተው ይፈቀድለታል የሚለው ነው። የጋራ ቤቱ ውበትም ሆነ የአትክልት ቦታው ስፋት ከእነዚህ በኋላ ቢታይ ይሻላል።

ጉዳዩ አዲስ ለሚሆንበት አንባቢ በአጭሩ ለመግለጽ፣ በኮሃውዚንግ መንደር ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ማድቤት፣ መታጠቢያና መኝታ ክፍል ያለው የተሟላ የግል ቤት አለው፤ ከዚህም በተጨማሪ ትልቅ ማድቤት፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ የልጆች መጫወቻ ክፍል፣ የልብስ ማጠቢያና ብዙ ጊዜም የእንግዳ ማረፊያ ያለውን አንድ የጋራ ቤት ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድነት ይጠቀማል። ገቢና የቤት ወጪ የየቤተሰቡ ነው፤ የጋራ የሚሆኑት ቦታው፣ የጋራ ቤቱ፣ ሥራውና ውሳኔው ናቸው። አብዛኞቹ መንደሮች ከ15 እስከ 40 የሚደርሱ ቤተሰቦችን የሚይዙ በመሆናቸው፣ ነዋሪው ሁሉ በስም የሚተዋወቅበት መጠን ላይ ይቆያሉ።

የዚህ አኗኗር መነሻ ራሱ ከልጆች ጋር የተያያዘ ነው። ያን ጉድመንድ-ሆየር የተባለው የዴንማርክ አርክቴክት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ሆኖ ከአፓርታማም ከተነጠለ ቪላም የተሻለ የቤተሰብ መኖሪያ እንዴት ሊገኝ እንደሚችል መምከር ጀመረ፤ ቡድኑ ቦታ አግኝቶ ፕላን ካዘጋጀ በኋላ ግን የአካባቢው ነዋሪዎች የልጆች ጫጫታ ይበዛብናል በማለት ስለተቃወሙ ያ የመጀመሪያ ውጥን ሳይሳካ ቀረ። በ1967 ቦዲል ግሮ የተባለች ጸሐፊ ልጆች መቶ ወላጆች ሊኖሯቸው ይገባል የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣች፤ ሐሳቧን የተቀበሉ ቤተሰቦችም ተሰባስበው በ1972 ሴተዳመን የተባለውን ባለ 27 ቤት መንደር ለማቋቋም በቁ። የጉድመንድ-ሆየር ቡድን በበኩሉ ስክሮፕላነት የተባለውን ባለ 33 ቤት መንደር በ1973 አጠናቀቀ።

ለወላጅ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የዓመታቱ ስሌት ነው። ምክክሩ በተጀመረበት በ1964 የተወለደ ሕፃን ስክሮፕላነት ሲያልቅ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ዛሬም ቢሆን ገና በመቋቋም ላይ ያለ ቡድን ቦታ ፈልጎ፣ ብድር አግኝቶ፣ የግንባታ ፈቃድ አውጥቶና ገንብቶ እስኪጨርስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያሉት የማታ ስብሰባዎች ደግሞ የሚወድቁት ልጆች ወላጆቻቸውን አብዝተው በሚፈልጉበት ሰዓት ላይ ነው። ከመሥራቾች አንዱ መሆን በፕላኑ ላይ ድምፅ ያስገኛል፤ ቁልፍ ከመረከባቸው በፊት ለረጅም ጊዜ አብረው የሠሩ ጎረቤቶችም ጠንካራ ትውውቅ ይዘው ይገባሉ። ይህን ጥቅም አልክድም። ሆኖም የመጀመሪያ ልጃቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ወላጆች፣ መሬቱ ተገዝቶ የግንባታ ፈቃዱ በእጅ ካልገባ በቀር፣ ተሠርቶ ያለቀና ሰው የሚኖርበትን መንደር እንዲመርጡ እመክራለሁ። አንዳንድ መንደሮች ከመነሻቸው ለአረጋውያን ብቻ የታሰቡ መሆናቸውንም ከጉብኝት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በለንደን ሃይ ባርኔት ያለው ኒው ግራውንድ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆነ ሴቶች የተሠራ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ ልጅ ብቻውን የት ይደርሳል የሚለውን በዋናነት የሚወስነው የመኪናው ቦታ ነው። ከጎበኘናቸው መንደሮች ሁለቱን በዚህ ረገድ ላነጻጽር። አንደኛው በቅርቡ የተሠራ፣ ዕንጨቱም መስታወቱም የሚያበራ እጅግ ያማረ መንደር ነበር፤ መኪኖቹ ከምድር በታች ይቆማሉ፣ መውጫ መንገዳቸው ግን በቤቶቹና በመጫወቻው ሜዳ መካከል ያልፋል። በዚህ ምክንያት ልጆቹ ሁሉ እስከ ሜዳው ድረስ በእጅ ተይዘው ሲወሰዱ አየሁ፤ ወላጆቹም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። ይህ ከማንኛውም የሕዝብ መናፈሻ ምን እንደሚለየው ልረዳ አልቻልኩም። ሁለተኛው መንደር ዕድሜው የገፋ፣ የበሮቹ ቀለም የተላላጠ ነው። እዚያ መኪና ከመግቢያው በር አያልፍም፤ ነዋሪዎች የገዙትን ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፉ ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። በዝናብ ቀን ሕፃን ታቅፎ ጋሪ መግፋት ከባድ መሆኑን አንድ አባት በግልጽ ነግሮኛል፤ ነገር ግን በዚያው ሰዓት አራት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጁ በትንሽ ብስክሌት ከመንደሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እየተመላለሰ ነበር፣ ማንም ተው ብሎ አልጠራውም።

በዚሁ መንደር ከአንዲት እናት ማድቤት ውስጥ ቆሜ ያየሁት ነገር ስለ ሕንፃ አቀማመጥ ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ የበለጠ አስተምሮኛል። የዕቃ ማጠቢያው የተተከለው ወደ መተላለፊያው መንገድ በሚያሳየው መስኮት ሥር ስለሆነ፣ ሳህን የሚያጥብ ሰው ቀና ባለ ቁጥር የአሸዋ መጫወቻውን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤት ማድቤትም በተመሳሳይ ሁኔታ ወደዚያው ቦታ ይመለከታል። ልጆቹን ተመድቦ የሚጠብቃቸው ሰው ባይኖርም ሳይታዩ የሚቆዩበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ማድቤቱ ወደ ኋላ ዞሮ ሳሎኑ ብቻ ወደ መንገድ የሚያይባቸው ቤቶች ይህን ጥቅም ያጣሉ፤ ሰው ሥራ ላይ እያለ በሳሎን መስኮት ስለማያይ ነው። ስለዚህ ቤት የሚያይ ቤተሰብ ክፍሎቹን ከመቁጠሩ በፊት ማድቤት ገብቶ ከማጠቢያው ፊት ይቁም።

ዝናብና ብርድ በሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዳንድ መንደሮች መተላለፊያውን ራሱን በመስታወት ጣሪያ ሸፍነውታል። በዴንማርክ ዩስትሩፕ በ1984 የተሠራው ባለ 21 ቤቱ ሳቭቬርከትና በካናዳ ላንግሊ በ1996 የተጠናቀቀው ባለ 34 ቤቱ ዊንድሶንግ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው፤ ልጅ ካልሲውን ብቻ አድርጎ ከቤቱ ወደ ጓደኛው ቤት ሊሄድ ይችላል። ከጣሪያ በታች ድምፅ እንደሚያስተጋባ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ቀን የሚተኛ ሕፃን ያላቸው ወላጆች የልጆች ጨዋታ በሚደምቅበት ሰዓት ሄደው በጆሯቸው ቢሰሙት መልካም ነው። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ካለ፣ አጥር ይኑረው አይኑረው፣ ጥልቀቱም ምን ያህል እንደሆነ ያለ ይሉኝታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የጋራው ገበታ ለወጣት ወላጅ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ነው ብዬ አስባለሁ። ከሥራ መልስ እስከ ልጆች መኝታ ያለው ጊዜ የደከመ አዋቂና የራበው ልጅ የሚገናኙበት በመሆኑ፣ በዚያ ሰዓት የተዘጋጀ እራት ማግኘት የምሽቱን መልክ ይለውጣል። ስሌቱም የሚያጓጓ ነው፤ 50 አዋቂዎች ባሉበት መንደር በሳምንት አራት ምሽት፣ በእያንዳንዱ ምሽት ሦስት ሰዎች ቢያበስሉ፣ ለአንድ ሰው ተራው የሚደርሰው በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። በቀሩት የገበታ ምሽቶች ይበላል፣ ይነሣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት እውነት የሚሆነው ሰዎቹ በእርግጥ ሲያበስሉ ነው። ለዚህ ማስረጃው በጋራ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተራ ሰሌዳ ነው። አዲሱና ያማረው መንደር ለአምስት ምሽቶች የታተመ ሰንጠረዥ ነበረው፤ ስም የተጻፈው ግን በሁለቱ ላይ ብቻ ሲሆን የቀሩት መስመሮች ባዶ ነበሩ። አሮጌው መንደር የሚያበስለው ሦስት ምሽት ብቻ ነው፤ ሦስቱም ምሽቶች በስም ሞልተዋል፣ በጎናቸውም የትኛው ልጅ ምን እንደማይስማማው በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ሰሌዳ ከማንኛውም የማስተዋወቂያ ጽሑፍ የሚበልጥ ምስክር ነበር። ጎብኚ የዚህን ሳምንት ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ወራት ሰሌዳ እንዲያሳዩት ቢጠይቅ ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

የገበታው ሰዓትና የአዳራሹ አሠራርም የራሳቸው ክብደት አላቸው። እራት የሚቀርበው ልጆች ዓይናቸውን ማሸት ከጀመሩ በኋላ ከሆነ፣ ምግቡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ቀስ በቀስ መምጣት ያቆማል። ጣሪያው ድምፅ የማይውጥ ባዶ አዳራሽ ደግሞ አረጋውያኑንም ወላጆቹንም ያሰለቻል፤ ውሎ አድሮም ጥፋቱ በልጆቹ ላይ ይላከካል። በአሮጌው መንደር የመጫወቻ ክፍሉ ከመመገቢያው ጋር በመስታወት በር ብቻ የተለየ ስለነበር፣ ልጆቹ ቶሎ ቶሎ በልተው ወደዚያ ሲገቡ ወላጆቹ እያዩዋቸው፣ ጫጫታቸው ግን ሳይረብሻቸው፣ ጨዋታቸውን ሲቀጥሉ ተመለከትኩ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ወደ ሥራው ልለፍ። ነዋሪዎቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት መንደር ውስጥ ማብሰል፣ ማጽዳት፣ አትክልት መንከባከብ፣ ሒሳብ መያዝና ጥገና መከታተል በሙሉ በነዋሪው ጫንቃ ላይ ያለ ነው። አራስ ያለበት ቤት፣ በተከታታይ የሚታመም ልጅ ያለው ቤት፣ ወይም አንደኛው ወላጅ በፈረቃ የሚሠራበት ቤት ለጥቂት ጊዜ ይህን ሊሸከም እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ ያለው መንደሩ ይህን አስቀድሞ አስቦበት እንደሆነ ነው። አዲሱ መንደር ተራውን ማድረስ ያልቻለ ሰው በምትኩ ገንዘብ እንዲከፍል ይጠይቃል። ይህ ለብዙዎች ፍትሐዊ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ልጅ በተወለደበት ጊዜ የቤተሰቡ ገቢ ስለሚቀንስ፣ ክፍያው የሚወድቀው መክፈል በሚከብድበት ወቅት ላይ ነው። የአሮጌው መንደር ደንብ በአንጻሩ አዲስ ልጅ ያገኘ ወላጅ ለተወሰኑ ወራት ከማብሰልና ከማጽዳት ነፃ እንደሚሆንና ወደ ተራው የሚመለስበትን ቀን ራሱ እንደሚያሳውቅ በጽሑፍ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ በጽሑፍ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የጎረቤት ቸርነት መልካም ቢሆንም፣ ደንብ ላይ ያልሰፈረ ምሕረት ተቀባዩን ባለ ዕዳ አድርጎ ያኖረዋልና።

ከሥራው ጋር የሚሄደው ስብሰባው ነው። ብዙዎቹ መንደሮች በድምፅ ብልጫ ከመወሰን ይልቅ በስምምነት መወሰንን ይመርጣሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ሥራውን ለትንንሽ ቡድኖች ከፋፍለው፣ አንድ ሐሳብ የሚያልፈው ጠንካራና በምክንያት የተደገፈ ተቃውሞ ሳይቀርብበት ሲቀር የሆነበትን፣ ሶሲዮክራሲ የሚባለውን አሠራር ይከተላሉ። ለወላጅ ሁለተኛው የሚቀልል ይመስለኛል፤ ሁሉም ሰው በሁሉም ጉዳይ ላይ እንዲቀመጥ አያስገድድምና። ከአሠራሩ ስም ይልቅ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ብዙ ይገልጣል፦ ጠቅላላ ጉባኤ በሚደረግበት ሰዓት ልጆቹን የሚጠብቃቸው ማን ነው? በአንድ መንደር ያገኘሁት መልስ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ቤት ይቀራል የሚል ነበር። ይህ ማለት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች በእያንዳንዱ ጉባኤ ላይ በግማሽ ድምፅ ይገኛሉ ማለት ነው፤ የመጫወቻው ሜዳ መቼ ይዘጋ፣ በግቢው ውስጥ ኳስ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ሲወሰንም ልጅ የሌላቸው ይበዛሉ። በሌላ ቦታ ግን ሁለት ነዋሪዎች በተራ ልጆቹን በመጫወቻ ክፍሉ ይዘው ይቆያሉ፣ ይህም እንደ አንድ የሥራ ተራ ይቆጠርላቸዋል። ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤዎች ተቀብሎ ማንበብም ጠቃሚ ነው፤ አንድ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ ለሌላ ቀን እንደተላለፈ ያሳያሉ።

የልጆች ቁጥርና ዕድሜ ብዙ ወላጆች በሚገባ የማያጤኑት ነገር ነው። መንደሩ ልጆች አሉት መባሉ አይበቃም፤ ለሦስት ዓመት ልጅ የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ የጨዋታ ጓደኛ አይሆነውም። የራስን ልጅ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ብቻ የሚበልጡ ወይም የሚያንሱ ጥቂት ልጆች አሁን እዚያ የሚኖሩ መሆናቸውን መቁጠር ያስፈልጋል። በሌላ በኩል፣ ሁሉም መሥራቾች በአንድ ጊዜ ወጣት ወላጆች ከሆኑ ልጆቻቸው በአንድነት ያድጋሉ፣ በአንድነትም ከመንደሩ ይወጣሉ፤ ወላጆቹ ግን ቤታቸውን ስለሚወዱት አይለቁም፣ በዚህም የመጫወቻ ክፍሉ ለረጅም ዘመን ልጅ አልባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ቤት እንደተለቀቀና ማን እንደገባበት መጠየቅ የወደፊቱን በደንብ ያመለክታል።

መቶ ወላጆች የሚለው ሐሳብ ልብ የሚያሞቅ ቢሆንም ወሰን ሊበጅለት ይገባል። የሌላ ሰው ልጅ ሲያጠፋ ማን ሊገሥጸው እንደሚችል፣ በምን ዓይነት ቃል እንደሚገሥጸውና ለወላጁ እንዴት እንደሚነገር የተስማሙበት መንደር፣ የልጆች ጠብ የወላጆች ጠብ እንዳይሆን ይከላከላል። በጋራ ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ሰዎች ይገባሉ ይወጣሉ፤ ቤቱን ለአጭር ጊዜ የሚያከራይም ይኖራል። የልጆች ጥበቃ ደንብ እንዳላቸው ስጠይቅ እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል የሚል መልስ የሰጡኝ ነበሩ። ይህ መልስ አላረካኝም። ትውውቅ ደንብን አይተካም፤ ደንቡን በግልጽ ያስቀመጠ መንደር ልጆቹን የበለጠ እንደሚወድ እቆጥራለሁ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ የባለቤትነት ዓይነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ቤቱ በግል የሚገዛበት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያዝበትና የሚከራይበት መንደር አለ። በ2013 በእንግሊዝ ሊድስ የተጠናቀቀው ባለ 20 ቤቱ ሊላክ አባላቱ ከተጣራ ገቢያቸው 35 በመቶ እንዲከፍሉ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ገቢው ከፍ ዝቅ ለሚል ወጣት ቤተሰብ አስተማሪ ምሳሌ ነው። የትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ ወርሃዊ መዋጮው ምን ምን እንደሚሸፍን፣ ለጣሪያና ለመሰል ትልልቅ ጥገናዎች የተቀመጠ ተቀማጭ መኖሩን፣ እንዲሁም ለመውጣት ሲፈለግ ቤቱን ለማን መሸጥ እንደሚቻል ከፊርማ በፊት በጽሑፍ ማየት ግዴታ ነው።

ከሁለቱ መንደሮች እኛ ስማችንን በተጠባባቂነት ያስመዘገብነው በአሮጌው ነው። ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፣ ሁለተኛው ልጃችን ሲያድግ የራሱ ክፍል አይኖረውም፣ የጋራ ቤቱ የማሞቂያ ሥርዓትም በቅርቡ መቀየር እንዳለበት ነዋሪዎቹ አልደበቁም። ባለቤቴ ጫጫታውን በተመለከተ ያለው ሥጋት ገና ስላልተወገደ፣ ከመግዛታችን በፊት ከሚከራዩት ቤቶች በአንዱ ለተወሰነ ጊዜ ለመኖር ጠይቀናል፤ መንደሩም ይህን የሚፈቅድ ደንብ አለው። ከጥንዶቹ አንዱ ብቻ የሚጓጓበት ቤተሰብ ይህን መንገድ ቢከተል እመርጣለሁ፣ የመሞከሪያ ኪራይ የማይፈቅድ መንደር ከሆነ ደግሞ ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል። አዲሱን መንደር ልጆቻቸው ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑ፣ በሥራ ምትክ መዋጮ መክፈል ለማይከብዳቸውና ሰፊ ቤት ለሚሹ ቤተሰቦች ያለ ማመንታት አመለክታለሁ፤ የመኪና መውጫውን ወደ ሌላ ጎን ለማዞር የቀረበው ሐሳብ በጉባኤው ከጸደቀ ግን ለትንንሽ ልጆች የሰጠሁትን ፍርድ እንደገና አየዋለሁ።